ሰላምታ የማያውቅ ሌባ

የጋሼ ኢሜይል አሁንም ተሰርቋል። «አሁንም» ማለቴ ባሌ አጋርፋ ላይ ይህ ነገር ወሬ መሆኑ ከቀረ ስለቆየ ነው። ለቡና የተጠራ ጎረቤት ገና ከበር ሆኖ «ኢሜይልዎ ደኅና አደረ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሼም «ይመስገነው፣ ዛሬ እንኳ አልተነካም» ይላሉ። በማግሥቱ አንድ ዘመድ ከውጭ አገር ደውሎ «እውነት ኩላሊትዎን ታመው ነው?» ሲል ነገሩ ለሁላችንም ይገባናል።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። በደርግ ጊዜ የገበሬዎች ማሠልጠኛ፣ ኋላም የግብርና ኮሌጅ በሆነው በዚያ ሰፊ ግቢ ሰብል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቢጫ ዋግ የመታውን ስንዴ ከመንገድ ዳር ቆመው ይለያሉ። አፈር በእጃቸው ዘግነው ለገብስ ይሁን ለባቄላ እንደሚሆን ይናገራሉ። እኒህ ሰው ላይ ነው እንግዲህ መልኩ የማይታወቅ ሌባ በስማቸው ደብዳቤ ሲጽፍ፣ በስማቸው ሲታመምና በስማቸው ሲበደር ዓመታት ያለፉት። እሳቸው የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ፓስወርድ ይቀይራሉ። ሌባውም የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።

ባሌ ውስጥ ደብዳቤ ድሮም የግል ሆኖ አያውቅም። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከአዲስ አበባ የተላከ ደብዳቤ ጎባ ፖስታ ቤት ይደርሳል። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ያ ሰው ሮቤ ላይ አድሮ፣ ላሳደሩት ዘመዶቹ «የነ እገሌ ልጅ ጻፈ» ብሎ አውርቶ፣ በስተመጨረሻ አጋርፋ ይገባል። ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችለው አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነው። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ከብቦት ያነባል፤ ክፉ ወሬ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ይዘላል። የደብዳቤውን ምስጢር የሚያውቀው ሰው ቢቆጠር ለአንድ ዕድር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ እጅ ሲያልፍ አንድም ሰው የላኪውን ስም ለብሶ «ብር ላኩልኝ» ብሎ አልጻፈበትም።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሮቤ ላይ ማስተማር ሲጀምር ተማሪው መጣ፤ ኢንተርኔት ቤቱም በረከተ። ጋሼ በዚያ ሰሞን ለስብሰባ ሮቤ በሄዱበት «ኢሜይል ያስፈልግዎታል» ተባሉና ወደ አንዱ ቤት ጎራ አሉ። የቤቱ ልጅ ቀልጣፋ ነው፤ እሳቸው ወንበሩ ላይ ሳይመቻቹ አካውንቱን ከፍቶ ጨረሰ። ፓስወርዱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። የራሳቸው ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ 123 ተጨምሮበታል። ለደንበኛው ሁሉ የሚሰጠው የየራሱን ስምና ያንኑ 123 ነበር። የሚረሳ ሰው ስለማይጠፋም ሁሉንም በደብተር ጽፎ አስቀምጧል። ልጁ ሌባ አልነበረም። የከተማውን ደብዳቤ ቁልፍ በአንድ ደብተር የያዘ ደግ ሰው ነበር።

ያኔ ኢሜይል ማለት ያሁ ማለት ነበር። ያሁ ራሱ እ.አ.አ. በ2013 ተዘርፏል። ኩባንያው በ2016 «የተነካው 1 ቢሊዮን አካውንት ነው» ብሎ፣ በ2017 ደግሞ «3 ቢሊዮኑም ነው» አለ፤ ማለትም አንድም አልተረፈም። ይህን ስነግራቸው ያዝናሉ ብዬ ነበር፤ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው የእኔ ብቻ አይደለማ!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ያሁ ሲያወሩ እንደ መከራ ጓደኛ ነው የሚያነሡት። ወዳጅነቱ ግን አላቆያቸውም፤ ወደ ጂሜይል ዞሩ። ጂሜይሉን የከፈተላቸውም ያው የሮቤው ልጅ ነው።

ሌባው መጀመሪያ የጻፈው ሚኒያፖሊስ ለምትኖር የወንድማቸው ልጅ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። ጋሼ ለስብሰባ ማኒላ ሄደው ቦርሳቸውንም ፓስፖርታቸውንም ተዘርፈዋል፤ የሆቴል ሒሳብ ካልከፈሉ መውጣት አይችሉም፤ 1,800 ዶላር በአስቸኳይ ይላክላቸው። ልጅቷ አልደነገጠችም፤ ስልክ አነሣች።

«ጋሼ፣ ማኒላ እንዴት ነው?»

«ማኒላ? ያ የሩዝ ምርምር ያለበት አገር?» አሉ፤ ሙያቸው ነው መቼም። «እኔ ለማዳበሪያ ሮቤ ለመሄድ መኪና አጥቼ ተቀምጫለሁ፤ ማኒላ ማን አደረሰኝ?»

በምን እንደነቃችበት ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ከኮምፒውተር ጋር ምንም አያገናኘውም። «ሰላምታ የለውም» ነው ያለችው። ጋሼ ሲጽፉ ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ገጹ ከተጋመሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጤናዋን፣ ቀጥሎ ልጆቿን አንድ በአንድ፣ ከዚያ የአሜሪካን ብርድ ይጠይቃሉ። ከዚያ ደግሞ የዚህን አገር ዝናብ ይነግሯታል። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለቴ ያመርታል፤ በበልጉ ዝናብ የሚደርሰው የገና እህል አለ፣ በመኸሩ የሚደርሰው የቦና እህል አለ። ሁለቱም እንዴት እንደሆኑ ካልተነገረ ደብዳቤው ደብዳቤ አይደለም። ሌባው የዓመታት ደብዳቤያቸውን በእጁ ይዞ አንዱንም ሳያነብ ነው ገንዘብ የጠየቀው። የሰረቀውን ቢያነብ ኖሮ 1,800 ዶላሩ ኪሱ ነበር።

ፓስወርዱ የጠፋበት ሰው ባለቤትነቱን በጥያቄ እንዲያስረዳ ይደረግ ነበር። ጥያቄዎቹን ያወጣቸው ሰው አጋርፋን አያውቃትም። «የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ማን ነው?» ይላል አንዱ። እኛ አገር ሴት የአባቷን ስም ይዛ ነው የምታገባው፤ ከጋብቻ በፊትም በኋላም ስሟ ያው ነው። የጋሼን እናት ስም የማያውቅ የአጋርፋ ሰው ቢኖር ደግሞ ገና ያልተወለደ ነው። «ያደግህበት መንገድ ስም ማን ይባላል?» ይላል ሌላው። መንገዱ ስም የለውም፤ ስም ያለው ደጁ መንገዱ ላይ የሆነ ሰው ነው። «የመጀመሪያ እንስሳህ ስም ማን ነበር?» ሲባሉ ጋሼ ፈረሳቸውን አሰቡ። ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ የእሳቸውን ፈረስ በስሙ የማይጠራ የለም። ለመሆኑ በዚች አገር የፈረስ ስም ምስጢር የነበረው መቼ ነው? ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለው የተፎከረላቸው በፈረስ ስም ነው። ነገሥታቱ ኢሜይል ቢኖራቸው አካውንታቸውን ማንም አዝማሪ ይከፍተው ነበር።

የልደት ቀኑም ሌላ ጣጣ አለው። ጋሼ የተወለዱበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው የነገሩት፤ የሮቤው ልጅ ወደ ፈረንጅ ይመልሰው አይመልሰው አይታወቅም። ስለዚህ በኢንተርኔቱ ዓለም ወይ በልካቸው ናቸው፣ ወይ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅተዋል። ባለቤታቸው ይባስ ብሎ የጳጉሜን ልጅ ናቸው። ቅጹ ላይ ጳጉሜን ስለሌለች እሳቸው ጭራሹን አልተወለዱም።

አንድ ምሽት ግን ጋሼ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ያዙት። ስልካቸው ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ወደ አካውንትዎ ገብቷል፣ እርስዎ ነዎት? ይላል። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። «አዲስ አበባን ከረገጥኩ ስንት ዓመቴ!» አሉና «እኔ አይደለሁም» የሚለውን በሌባ ጣታቸው ተጫኑት። አካውንቱም እንደታዘዘው የገባውን ሰው አስወጥቶ በሩን ዘጋ። የገባው ሰው እሳቸው ነበሩ። ትንሽ ቀደም ብለው የልጅ ልጃቸው ታብሌት ላይ ከፍተውት ነበር። ማስጠንቀቂያው ቦታውን የሚገምተው ከኢንተርኔት አድራሻው ነው። የአገራችን አድራሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ስለሚቆጠር ከአጋርፋም ግባ ከሞያሌ አዲስ አበቤ ተብለህ ትመዘገባለህ። ጋሼ ራሳቸውን ጠርጥረው፣ ራሳቸውን ከሰው፣ ራሳቸውን አባረሩ።

ለመመለስ ኮድ ያስፈልጋል። የኮዱ ዕድሜ የደቂቃዎች ነው፤ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ አብሮ በሚሄድበት ቀን ኮዱ የሚደርሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሌሊት ኔትወርኩ ሲመለስ የቀኑ ኮዶች ተሰልፈው ይገባሉ፤ ጋሼም ከእንቅልፋቸው ተነሥተው አንድ በአንድ ይሞክሯቸዋል፤ ሁሉም ሙት ናቸው። በዚህ መሐል ጋሼ እፎይ ያሉት በ2012 ክረምት ነው፤ ያኔ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ኢሜይላቸውን ማየት አልቻሉም፤ ቢሰረቅም አልሰሙም፤ ስላልሰሙም ደኅና እንቅልፍ ተኙ።

ምክር የሚሰጥ ግን አልጠፋም። ጎባ ያለው አማቻቸው «ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይቀላቅሉ፤ በየሦስት ወሩም ይቀይሩ» ይላቸዋል። ይህን ምክር ዓለም ላይ ያሰራጨው ቢል በር የተባለ የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ባለሙያ እ.አ.አ. በ2003 የጻፈው መመሪያ ነው። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ2017፣ አብዛኛው ምክሩ እንደሚጸጽተው ለዎል ስትሪት ጆርናል ተናግሯል። ቀይር የተባለ ሰው መጨረሻ ላይ የነበረውን 1 ወደ 2 ከመለወጥ አልፎ የሚሄድ አልሆነም። መሥሪያ ቤቱም በዚያው ዓመት መመሪያውን አሻሽሎ ረጅም ሐረግ ይሻላል፣ መሰረቁ ካልታወቀም በየጊዜው መቀየር አያስፈልግም አለ። ዜናው ጎባ አልደረሰም። ጋሼ በየሦስት ወሩ ይቀይራሉ፤ እንዳይጠፋባቸውም ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር፣ ከማዳበሪያው ዋጋ ጎን ይጽፉታል። እኛ ቡና የምንጠጣው ደግሞ ከካሌንደሩ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው።

መቼም ፓስወርድ ሌባ ያገኘው ገና በጨቅላነቱ ነው። በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ ውስጥ ፈርናንዶ ኮርባቶ የመሩት ቡድን እ.አ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒውተር እንዲሠራ ሲያደርግ ለየሰዉ ፓስወርድ አደለ። እ.አ.አ. በ1962 አለን ሸር የተባለ ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃ ቢለው የሁሉንም ፓስወርድ የያዘውን ፋይል በማተሚያው አትሞ ወሰደው። ቢያንስ እሱ የፈለገው ተጨማሪ ሰዓት ለመሥራት ነው፤ የእኛው ሌባ የሚፈልገው ሳይሠራ ለመብላት ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ገንዘብ መላክ ለሰዉ ሁሉ ቀለለ፤ ማስላክም ለሌባው ቀለለለት። ስለዚህ ከኢሜይሉ አልፎ ወደ ቴሌግራም ተሻገረ። መንገዱን የማያውቅ የለም። ከወዳጅ ስም መልእክት ይመጣል፤ የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ድምፅ ስጡልኝ ይላል። ሊንኩ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ የደረሰውን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን የሰጠ ሰው አካውንቱን አስረከበ። ጋሼ ደግሞ ልጅ ተወዳድሮ ዝም የሚል አንጀት የላቸውም።

ኮዱን በሰጡበት ቀን ሌባው በስማቸው ዲንሾ ላሉ ገበሬ ጻፈ፤ የጋሼ የድሮ ተማሪ ናቸው። ሰውዬው ኋላ ስልካቸውን ከፍተው ምልልሱን አስነብበውናል።

«15 ሺህ ብር በቴሌብር ላክልኝ፤ ማታ እመልስልሃለሁ።»

ሰውዬው ብሩን ዘለሉት። «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ቤት ደኅና? ልጆች ደኅና?»

«ደኅና ነን። ቶሎ በል፣ አስቸኳይ ነው።»

«ዝናቡስ እንዴት ነው? ቦናው በቀለ?»

«አዎ።»

«ያቺ ያመማት ጥጃስ?»

ሌባው እዚህ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ብልሃት የመጣለት መሰለው። «ብሩ ለእሷው ሕክምና ነው» አለ።

ጋሼ ጥጃ የላቸውም። ላሟን ከሸጧት ቆይተዋል። የዲንሾው ሰው የመጨረሻ መልስ አጭር ነበር፤ «እንግዲያው እረዳትና ቆዳዋን ላክልኝ።»

ሁሉም ግን የዲንሾውን ሰው አልሆነም። ሮቤ ያለች አንዲት ዘመዳቸው «ጋሼ ጠይቀውኝማ!» ብላ አንድም ቃል ሳትጨምር ልካለች። ጋሼም ሳይበደሩ ከፈሉ።

ለፖሊስ ማመልከታቸው አልቀረም። ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ችግሩ የተከሳሹ ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ ነው። ጋሼ ብዙ አስበው «እኔን ነኝ የሚል ሰው» ብለው ጻፉበት።

ኢሜይል የሚሰበረው ለብር ብቻ አለመሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ቅር አላቸው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.አ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሪፖርት ውጭ አገር ያሉ የመንግሥት ተቃዋሚዎች በኢሜይል እንዴት እንደታደኑ ዘርዝሯል። የሚላክላቸው ሊንክ ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም አድሱ ይላቸዋል፤ ያደሰ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰላይ ያስገባል። ኢላማዎቹ በ20 አገሮች ነበሩ፤ ሪፖርቱ ዘመቻውን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል፤ የስለላ ፕሮግራሙም የእስራኤሉ ሳይበርቢት ኩባንያ ሥሪት ነው ብሏል። ጋሼ ይህን ሰምተው «ታዲያ እኔን ለ15 ሺህ ብር ብቻ?» አሉ።

በመጨረሻ ነገሩን የፈታችው መደ ወላቡ ኮምፒውተር የምታጠናው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ለእረፍት በመጣች ጊዜ። ፓስወርዱን አልጠየቀቻቸውም፤ ካሌንደሩ ላይ አይታዋለች። የሄደችው ማንም ወደማይሄድበት ወደ ኢሜይሉ ሴቲንግ ነው።

ፓስወርድ ሲጠፋ ኮድ የሚላክበት መጠባበቂያ ኢሜይል የሮቤው ልጅ የራሱ ኢሜይል ሆኖ ተገኘ። ያኔ ጋሼ የነበራቸው ሌላ ኢሜይል የተዘረፈው ያሁ ስለነበር በደግነት የራሱን አስገብቶላቸዋል። እሱ ዱባይ ከሄደ ቆይቷል፤ የእሱም ኢሜይል ከተሰረቀ ቆይቷል። ከያዙት ቁጥር ሌላ የተመዘገበው መጠባበቂያ ስልክ ደግሞ ጋሼ ድሮ ገበያ ላይ የጣሉት ሲም ቁጥር ነው፤ ሳይሠራ የከረመ ቁጥር ለሌላ ሰው ተሸጦ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የባሰው ግን የሚደርሳቸውን ደብዳቤ ሁሉ ግልባጩን ወደማያውቁት አድራሻ የሚልክ ትእዛዝ ነበር። ሌባው አንድ ቀን ገብቶ አስቀምጦት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው መግባት እንኳ አላስፈለገውም፤ የፌስቡኩም የሌላውም መልሶ መክፈቻ ደብዳቤ ለእሱም ይደርሰዋል። ፓስወርድ መቀየር ይህን ትእዛዝ አይነካውም።

ጋሼ ሁሉንም በጽሞና ሰሟት። ከዚያ «ስናር ነዋ!» አሉ። ስናር ከስንዴው መካከል አብሮ ይበቅላል፤ ኮምባይነር ከመግባቱ በፊት ዘሩን መሬት ላይ ያራግፋል። ገበሬው የሚያጭደው የላይኛውን ነው፤ የከርሞው ስናር ከታች አድብቷል። ኮምፒውተሩን ከሚያውቁት ሁሉ ቀድመው የልጅቷን ነገር የተረዱት እሳቸው ሆነው አረፉት።

እናንተም ኢሜይላችሁ ወይም ቴሌግራማችሁ ደጋግሞ የሚሰረቅ ከሆነ ፓስወርድ ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሴቲንጉን ከፍታችሁ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብቶ እንደሆነ እዩና አስወጡት። ቀጥሎ መጠባበቂያው ኢሜይልና ስልክ የማን እንደሆነ አጣሩ፤ የከፈተላችሁ ልጅ ከሆነ አመስግናችሁ አንሡት። ግልባጭ የሚልክ ትእዛዝ ካለ አጥፉ። ከዚህ በኋላ ነው ፓስወርዱ፤ ረጅም ይሁን፣ ለአንድ አካውንት ብቻ ይሁን፣ ካሌንደር ላይ አይጻፍ። ሁለተኛ ማረጋገጫውንም አብሩት፤ የመጣላችሁን ኮድ የእህት ልጅ ብትወዳደርም ለማንም አትስጡ።

ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲደርሳችሁ ደግሞ ደውሉ። መደወል ካልተቻለ ሰላምታውን አስረዝሙት፤ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቁ። ዘመድ ከሆነ ደስ ብሎት ይመልሳል፤ ሌባ ከሆነ ይቸኩላል።